ውሃ የነካው ነሐስ

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክርስትና አባቴ ለጋሽ ትዕዛዙ፣
ሞላሌ

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረሙ ብዬ አልጠይቅም፤ መክረምዎን ደብዳቤዎ ነግሮኛል። እናቴ ደኅና ናት። እንደ ጻፉልኝ አታውቅም፤ እንድታውቅም አልፈልግም፤ ስለዚህ ለእሷ የላኩትን ሰላምታ እኔው ዘንድ አስቀርቼዋለሁ።

በጨርቅ የጠቀለሏቸውን ሦስት ስባሪዎች ሹፌሩ ቢያድግልኝ በእጄ አስረክቦኛል። ፖስታውን ሳልከፍት ነው ጽሕፈትዎን የለየሁት። እናቴ ሣጥን ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የተቀመጠ አንድ ወረቀት አለ፤ «እኔ ትዕዛዙ በእመቤቴ ስም ምዬ የምሰጠው ቃል» ይላል ሲጀምር። እሱን ወረቀት እያነበብኩ ነው ያደግሁት። ስልክ ቁጥርዎንም ጽፈውልኛል፤ አልደውልም። በስልክ የተባለ ነገር በነጋታው አልተባለም ይባላል። በወረቀት ይሻለናል።

አሁን ወደ ጠየቁኝ፣ ያፈሰሷቸው ሁለቱ ደወሎች ለምን እንደ ከሸፉብዎ ወደሚለው ልግባ። እኛ እዚህ ፋብሪካ የፓምፕና የወፍጮ ዕቃ ከነሐስ እናፈስሳለን። የእኔ ሥራ የተበላሸውን ቆርጬ ለምን እንደ ተበላሸ መናገር ነው። ለምን ይህን ሥራ እንደ መረጥኩ ለእርስዎ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ስባሪዎቹን በመጋዝ ሰንጥቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ በአጉሊ መነጽር አየኋቸው።

የመጀመሪያው፣ ከደወሉ አናት የተሰበረው፣ ውስጡ ተቦርቡሯል። ቀዳዳዎቹ ክብ አይደሉም፤ ጠርዛቸው ጣት ይቧጥጣል፣ ወዲያና ወዲህ ቅርንጫፍ አውጥተዋል። እኛ የርሃብ ቀዳዳ እንለዋለን። ነሐስ ሲረጋ ይኮማተራል። ቀጭኑ የደወሉ ከንፈር ቀድሞ ይረጋል፣ ወፍራሙ አናት መጨረሻ ላይ ይረጋል፤ አናቱ ሲኮማተር የሚጠጣው ትርፍ ነሐስ ካላገኘ ከራሱ ይበላል። ስለዚህ ከቅርጹ ላይ ከአናቱ የወፈረ አንገት ያብጁለት፤ እሱንም በነሐስ ይሙሉት፣ በከሰልና በትኩስ አመድ ይሸፍኑት፣ መጨረሻ ላይ እንዲረጋ። ሲበርድ ይቆርጡታል። አባቴ እንዲህ ያደርግ እንደ ነበር እርስዎም አይተዋል። ነሐስ ይተርፈኛል ብለው አንገቱን አሳጥረውታል፤ ደወሉን አስርበውታል።

የቀሩትን ሁለት ስባሪዎች መልስ ዛሬ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ግን በግልጽ ልንገርዎት።

በ2002 ዓ.ም. አባቴ ገብረ አማኑኤልና እርስዎ ለደብራችን ደወል አፈሰሳችሁ። በንግሡ ዕለት ሲደወል ተሰነጠቀ፤ ውስጡ ወንፊት ሆኖ ተገኘ። እርስዎም፣ አበልጁ፣ ከባለቤትዎ ጋር ክርስትና ያነሡኝ ሰው፣ ሽማግሌ ፊት ቆመው «ምእመናን ያመጡትን፣ ነሐስ የሚያጠነክረውን ቆርቆሮ ሰርቆ በእርሳስ ለወጠው» ብለው ማሉበት። የአገሩ ሰዎች ወናፉን ቀደዱበት። ከቀዬው አስወጡት። እዚህ መጥቶ የሰው ግቢ እየጠበቀ ሰባት ዓመት ኖረና ሞተ። የሞተ ዕለት እንኳን «ቆርቆሮው ውስጡ ነበር» እያለ ነበር።

ያን ቀን ማቅለጫው ዘንድ የነበራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። አንደኛው ሞቷል። ስሙን ሊመልስለት የሚችል በዚህ ዓለም ላይ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ብናገር የሌባ ልጅ ነኝ፤ የፋብሪካ ማስረጃ ይዤ ብመጣ «የልጁ ወረቀት» ይባላል። የእርስዎን ቃል ግን ያምናሉ። ያኔም አምነዋል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ለጠየቁኝ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እኔም አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ፖስታው ውስጥ አስቀምጣለሁ። መልሱን በራስዎ እጅ ጽፈው፣ ፈርመው ይልኩልኛል፤ ቅጂውንም ለራስዎ ያስቀራሉ። ሲያበቃ ቅጂውን ይዘው በደብሩ ግቢ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመው ያነቡታል። ይህ የማይስማማዎት ከሆነ ሦስተኛውን ደወል እንደ ሁለቱ ያፍስሱት፤ እኔ ስባሪ ለመቀበል ሁልጊዜ ዝግጁ ነኝ።

የክርስትና ልጅዎ፣
ጽናት ገብረ አማኑኤል

*

ሞላሌ
ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለተ ሥላሴ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። እኛ ሥሉስ ቅዱስ ክብር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። መልሱ የዘገየው የገብስ አጨዳ ላይ ስለ ነበርን ነው፤ ዘንድሮ ውርጩ ሳይቀድመን እንሰብስብ ብለን ቤተ ሰቡ ሁሉ ማሳ ነው የሚውለው። ይቅር በይኝ። በክርስትና ስምሽ የጠራሁሽ ሌላውን ስምሽን ለመጥራት አፌ ስላፈረ ነው።

አንገቱን እንዳልሽኝ አድርጌ በትንሽ ቃጭል ሞከርኩት። አናቱ ድፍን ሆኖ ወጣ። አባትሽ እንዳስተማረሽ ገባኝ፤ እጁን ያየሁ መሰለኝና ተቀምጬ አለቀስኩ።

በቁራጯ ወረቀት ለጠየቅሽኝ ግን መልሴ ይኸው። ሲሰርቅ አላየሁም። አላየሁም፤ ግን ልጄ፣ ያን ጊዜ የነበረውን ነገር አንቺ በዚያ ዕድሜሽ ልትረጂው አትችይም ነበር። ሕዝቡ የእግር አልቦውን፣ ሙቀጫውን፣ የአያት የቅድመ አያቱን ሳሕን አምጥቶ ሰጥቶናል። ደወሉ ሲሰነጠቅ ሴቶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ነው የጮኹት። አንድ ምክንያት መገኘት ነበረበት…

[ከ«ግን ልጄ» ጀምሮ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ገጽ ተኩል አይነበብም።]

ስለ ሁለተኛው ስባሪ የምታዝዢኝን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ ነኝ። ደብሩ ሦስተኛ ዕድል ነው የሰጠኝ፤ አራተኛ የለም። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ትዕዛዙ

*

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ትዕዛዙ፣

ጤና ይስጥልኝ። «አላየሁም» ከሚለው ቃል በኋላ የጻፉትን ሁሉ በቀይ ሰርዤ መልሼልዎታለሁ። ያለ «ግን» ገልብጠው ይላኩልኝ። ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ የለኝም፤ ሲኖረኝ እነግርዎታለሁ። ልቅሶዎንም ለራስዎ ያስቀሩት፤ እናቴ ዓይኗ እስኪደርቅ አልቅሳ ጨርሳለች።

ነሐሱን ከልክ በላይ አግለውታል፤ ማን ነገረሽ ቢሉኝ፣ ስባሪው ነው የነገረኝ። ሁለተኛው ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር የመርፌ ጫፍ በሚያህል ነጥብ ተወርሯል። ነሐስ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ከጭሱና ከእርጥቡ ማገዶ ጋዝ ይጠጣል፤ ሲረጋ የጠጣውን ይተፋል፤ መውጫ ያጣው ውስጡ ይቀራል። ወናፉን አብዝታችሁ አናፍታችኋል፣ ማገዶውም እርጥብ ኩበት ነበር። ያ ዓይናችሁን ያቃጠላችሁ ነጭ ጭስ ደግሞ ከጥይት ቀለህና ከቧንቧ ቁልፍ የመጣው ዚንክ ሲቃጠል ነው፤ ዚንኩ ሲሄድ ነሐሱ ሌላ ነሐስ ሆነ።

ስለዚህ ደረቅ ከሰል ብቻ። ፈጥኖ ማቅለጥ። ቆርቆሮውን መጨረሻ ላይ መጨመር። ቀለህ ከበዛ መተው። የላዩን ቆሻሻ ገፍቶ ወዲያው ማፍሰስ፤ ማፍሰስ ከጀመሩ ደግሞ እጅ አያርፍም፤ አንዴ ከተቋረጠ ቀድሞ የገባውና በኋላ የገባው አይጋጠሙም፤ ስንጥቅ ሆነው ይቀራሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት። እናቴ ሣጥን ውስጥ ከወረቀትዎ ጋር የተቀመጠ የአባቴ ደወል ስባሪም አለ። ባለፈው ሳምንት ቆርጬ አስመረመርኩት። እርሳስ የለበትም። ቆርቆሮው በልኩ አለ፤ እንዲያውም በጣም በልኩ ነው። ርሃብም የለበትም፤ ከልክ በላይም አልጋለም። ያም ሆኖ ተበሳስቷል፤ ከእርስዎ ሦስተኛ ስባሪ ጋር አንድ ዓይነት ቀዳዳ፣ ክብ፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ። ከየት እንደ መጣ ገና አላወቅሁም። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ፣ የማይረባ የሚመስልዎትን ጭምር ይጻፉልኝ። የቀረውን ጥያቄ ቁራጯ ወረቀት ላይ ያገኙታል።

ጽናት

*

ሞላሌ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ያለ «ግን» ጻፍ ብለሽኛል፤ እነሆ።

ቆርቆሮው ነበረ። በገዛ እጄ ነው የጨመርኩት። አባትሽ መጠኑን ነገረኝ፣ እኔ በጉጠት ይዤ ከተትኩት። አልሰረቀም፤ አልለወጠም። እኔ ያን ቀን በእመቤቴ ስም በሐሰት ማልኩ። የእኔ ፊርማ አይደለም እንዳይሉሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ፈርሜያለሁ።

«ለምን እሱን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ «አባቴን ከደወሉ በፊትስ ምን አስጠላው?» ብለሽኛል። የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ያ ደወል በሚፈስስበት ጠዋት ቅርጹ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ፣ በኩበት እሳት ደርቆ፣ አፉ ተከፍቶ ይጠብቀናል። የደብሩ አለቃ መምሬ ወልደ ጻድቅ ጸበል ይዘው መጡ። ጸለዩ፣ ዙሪያውን ረጩ፤ ከዚያ በቅርጹ አፍ አንድ ጣሳ ያህል ጨመሩ፤ ልማዱ እንዲያ ነው፤ የደወሉ ሆድ ይባረክ ተብሎ። አባትሽ ማቅለጫውን ትቶ ሮጦ መጣና የመምሬን እጅ ያዘ። «አይሆንም! ውስጡ አይግባ!» አለ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። መምሬ እጃቸውን አስለቅቀው «አፍስሱ» አሉን። ከኋላዬ ግን «ቀጥቃጭ ጸበል ሲፈራ አያችሁ? ቡዳ ነው» ሲባል ሰማሁ። ደወሉ በተሰነጠቀ ጊዜ መምሬ «ከሁለታችሁ አንዱ በድሏል፤ ማን ነው?» አሉ። ዝም ብል ሁለታችንንም ያባርሩን ነበር፤ እኔም ቀጥቃጭ ነኝ። በእሱ ላይ አስቀድሞ ተፈርዶ ስለ ነበር አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው። ያን ቃል እኔ ሰጠሁ።

አባትሽ ለምን እንደ ጮኸ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ድካም ነው ብዬ ነው የተውኩት። ቅርጹም ሙቅ ነበር፤ ጸበሉ ወዲያው የጠፋ መሰለኝ። በሁለቱ ደወሎቼም መምሬ እንደ ልማዱ ባርከውልኛል፤ እኔ አልጮህኩም።

ሦስተኛው ታኅሣሥ 12 ቀን ይፈስሳል። ሁለት ጊዜ ስለ ከሸፈብኝ መምሬ ዘንድሮ ጸበሉ በርከት ይበል ብለው አንድ ማሰሮ ሊያመጡ ነው። ሰው ከመሐል ሜዳ ከተማ ሳይቀር ይመጣል ተብሏል፤ ከተሰነጠቀው ወዲህ ደብሩ ድንጋይ ነው የሚደውል።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ታኅሣሥ 3 ቀን የበዓታ ዕለት ግቢው ይሞላል። አሁን የጻፍኩልሽን ያኔ ላንብበው? ከደወሉ በፊት። መምሬም ያከብሩኛል፣ ሕዝቡም ይሰማኛል። ልቤ አሁን ቆርጧል፤ ሲቆይ እንዳይለዝብ እፈራለሁ። መልስሽን እጠብቃለሁ።

ትዕዛዙ

*

[ያልተላከ]

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ትዕዛዙ፣

ውሃው ነው።

አባቴ የጮኸው ለዚህ ነው። ደረቅ የጭቃ ቅርጽ ውሃ ሲነካው ይጠጣዋል፤ ላዩ ደርቆ ቢታይም ውስጡ ይዞት ይቆያል። የቀለጠ ነሐስ ሲነካው ያ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣ ነሐሱን ሰንጥቆ ይገባል። ክቡ፣ የሚያብረቀርቀው ቀዳዳ እሱ ነው። ጸበሉ ቅዱስ ነው፤ ውሃም ነው። እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ብረት ሲያቀልጡ እርጥብ ቅርጽ እንደማይፈስስበት ያውቃሉ፤ ጸበልን ግን እንደ ውሃ ቆጥረውት አያውቁም። ማንም አልቆጠረውም። አባቴ ብቻ ቆጠረው።

አንድ ጣሳ ወንፊት ካደረገው አንድ ማሰሮ ነሐሱን መልሶ ሰው ፊት ላይ ይተፋዋል።

መምሬን ከአሁኑ ለብቻቸው ያናግሯቸው። ቅርጹ እሳት ከመግባቱ በፊት ይባርኩት፣ ወይም ደወሉ ከተሰቀለ በኋላ ይርጩት ይበሏቸው። ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ እሺ ይላሉ። ማንም ሳይጮህ፣ ማንም ሳይሰድብ ነገሩ ያልፋል

ማንም ሳይሰድብ! አባቴን ግን

*

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ትዕዛዙ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያለ «ግን» የጻፉት ደርሶኛል። እናቴ እስክትተኛ ጠብቄ አምስት ጊዜ አነበብኩት።

በበዓታ አያንብቡ። ደወሉ በሚፈስስበት ዕለት፣ ፈስሶ ካለቀ በኋላ ያነባሉ። እስከዚያ ወረቀቱን ደረት ኪስዎ ውስጥ ይዘው እንዲሠሩ እፈልጋለሁ። ማቅለጫው ዘንድ ቆመው፣ አባቴ የቆመበት ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን እርስዎ ላይ ጥሎ፣ ያ ወረቀት ልብዎ ላይ ሆኖ እንዲከብድዎት ነው የምፈልገው። አከበሩኝ ብለው ሲያነቡት ለእርስዎ ንስሐ ይሆናል፤ እኔ ንስሐዎን አይደለም የጠየቅሁት።

ሦስተኛውን ስባሪ በተመለከተ ምክንያቱን አግኝቻለሁ። በዕለቱ ይደርስዎታል። እስከዚያ ከሰሉን ያድርቁ፣ አንገቱን አያሳጥሩ፣ ቅርጹን ከልብ ያድርቁ።

ጽናት

*

ሞላሌ
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በጤናዬ ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን የለኝም። ምክንያቱን ካገኘሽው ለምን አሁን አትነግሪኝም? ከጓሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ጉም ከረፋድ በፊት አይገፈፍም፤ ቅርጹን በየቀኑ በደረቅ ከሰል አሞቃለሁ፤ በቂ ይሁን አይሁን ማን ይነግረኛል? መምሬ ባገኙኝ ቁጥር «አይዞህ፣ ዘንድሮ አንተ ጸልይ እንጂ ሌላው የእኔ ነው» ይሉኛል። ደግ ሰው ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ከመሞታቸው በፊት የደወል ድምፅ መስማት ነው ምኞታቸው።

በበዓታ ለምን እንደ ከለከልሽኝ ገብቶኛል። አልተከራከርኩሽም። ግን ልጄ፣ ያን ዕለት ደወሉ ቢከሽፍብኝ ማን ያዳምጠኛል? ይህን አስቢልኝ። ለቢያድግልኝ መልስ ስጪው፤ ይጠብቅሻል።

ትዕዛዙ

*

ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
[በፖስታው ላይ፦ ለቢያድግልኝ። ታኅሣሥ 12 ቀን ጠዋት፣ ወናፉ መነፋት ከጀመረ በኋላ ብቻ የሚሰጥ። ቀድሞ እንዳይሰጥ፣ በፈጠረህ።]

ጋሽ ትዕዛዙ፣

ይህን ሲያነቡ ነሐሱ እየቀለጠ ነው፣ መምሬም ማሰሯቸውን ይዘው በመንገድ ላይ ናቸው።

ምክንያቱ ጸበሉ ነው። ቅርጹ ውስጥ የገባ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ነሐሱን ይበሳዋል፤ የአባቴን ደወል የበሳው፣ የእርስዎንም ሁለቱን የበሳው እሱ ነው። ዘንድሮ አንድ ማሰሮ ከገባ ደወሉ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ የቀለጠው ነሐስ ተመልሶ ፊትዎ ላይ፣ ዙሪያዎ በቆመው ሰው ላይ ይፈነዳል።

እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው። ዝም ብለው ማስፈሰስ ይችላሉ። ወይም ማቅለጫውን ትተው፣ አባቴ እንዳደረገው ሮጠው፣ የመምሬን እጅ ይዘው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «አይሆንም፣ ውስጡ አይግባ» ማለት ይችላሉ። ከኋላዎ የሚባለውን ያውቁታል፤ አንድ ጊዜ ሰምተውታል።

ቀደም ብዬ ብነግርዎት በለሆሳስ ያስተካክሉት ነበር። አውቄ ነው ያልነገርኩዎት። አባቴን በለሆሳስ ያዳነው ሰው አልነበረም።

ጽናት

*

ሞላሌ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፣

ሰላምታዬ እንደ ተለመደው ይድረስሽ። ለዘጠኝ ቀን ያልጻፍኩት ግራ እጄ ላይ የነበረው ትንሽ ቃጠሎ ትኩሳት አስነሥቶብኝ ነው፤ አይክፋሽ፣ የምጽፈው በቀኙ ነው። ቢያድግልኝ «እንዴት ሆነ ብላ ሦስት ጊዜ ላከችብኝ» አለኝ። የሆነውን ልንገርሽ።

ደብዳቤሽን የሰጠኝ ወናፉ ሲነፋ ነው። ከሦስት ቀን በፊት እጁ እንደ ገባ ነገረኝ፤ ተቀየምኩት፣ ቆይቼ ግን ታዛዥ ሰው ነው ብዬ ተውኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀና ስል መምሬ ወልደ ጻድቅ ጉድጓዱ አፋፍ ደርሰዋል፤ ሁለት ዲያቆናት ማሰሮውን ደግፈውላቸዋል። ከኋላቸው ከቤተ ልሔሙ እስከ ዋርካው ድረስ ሰው ነው። ሕፃናቱን ከፊት አስቀምጠዋቸዋል፣ እንዲያዩ ተብሎ።

ስለ ራሴ ብቻ ቢሆን ዝም የምል ይመስለኛል። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው። ሕፃናቱን ሳያቸው ግን እግሬ ተነሣ። ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥቼ የቅርጹን አፍ ከደንኩና ላዩ ላይ ቆምኩበት። «መምሬ፣ አይሆንም። ውስጡ አይግባ» አልኩ። ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ ውሃና እሳት እያልኩ፤ ማን ይሰማኛል። እሳቸውም ማሰሮውን እንደ ያዙ ቆመው ትክ ብለው አዩኝና «አንተም?» አሉ። ከኋላ የሚባለውን ሰማሁት። ቃሉ አልተለወጠም።

ጸበሉን እኔ ላይ ደፉት። ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ፣ ውስጡ ግን ጠብታ አልገባም። እንደ ረጠብኩ ወርጄ፣ ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌና ድንጋዩን አንሥቼ፣ ነሐሱን በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩ። አንድም አልተፋ። ጎረምሶቹ ሊይዙኝ ሲመጡ አንገቱን በከሰል እየሸፈንኩ ነበር፤ እጄ የተቃጠለው ሲጎትቱኝ ነው።

ደወሉ ደኅና ነው። በሦስተኛው ቀን ሌሎች አወጡት። ሞላሌ ሆኜ ሰማሁት፤ ከዚያ ደብር እስከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ ጉሙን አልፎ መጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መምሬ አለቀሱ አሉ። ጸበሉ እኔ ላይ ፈስሶ ክፉውን ስላስወጣው ነው ደወሉ የተስተካከለ ተብሏል፤ እንዲያም ይመኑ፣ እኔ አልከራከርም።

ወረቀቱን ግን እንዳዘዝሽኝ ደረት ኪሴ ይዤው ነበር። እየጎተቱኝ ሳለ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። «ገብረ አማኑኤል አልሰረቀም፣ ቆርቆሮውን በገዛ እጄ» እስከሚለው ድረስ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። የሰማ ሰው አለ። ሳቁ። አንዷ ሴትዮ «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ድሮም አብረው ነበር» አለች። መምሬ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ከእሳቱ ጨመሩትና «ጸበል የከለከለ ሰው ቃል በዚህ ግቢ አይሰማም» አሉ። በእጅሽ ያለው የፈረምኩልሽም ከእንግዲህ ያው ነው። የማን ፊርማ ነው ብለው ይጠይቁሻል፤ የትዕዛዙ ትያቸዋለሽ፤ ይስቃሉ። ቀድሞ አባትሽን ሌባ ነበር የሚሉት፤ አሁን ሌባም ቡዳም ነበር፣ አበልጁንም አስለከፈው ይላሉ። በበዓታ ባነበው ኖሮ ንጹሕ ሰው ነበርኩ፤ ያምኑኝ ነበር።

እኔን ቅጪኝ፣ ይገባኛል፤ አልቀየምኩሽም። ነገ ቤቴን ዘግቼ በቢያድግልኝ መኪና እወጣለሁ፣ ወዴት እንደሆነ ገና አላወቅሁም። አባትሽ አልሰረቀም፤ ይህን የሚያምነኝ ሰው ፈልጌ ፈልጌ አንቺን ብቻ አገኘሁ፤ አንቺ ደግሞ ሳልነግርሽም ታውቂው ነበር።

ትዕዛዙ